እትዬ ቆጣሪ እና ቁጥር ሃያ ሦስት

ስሟ ሌላ ነው፤ ግን እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ሌሎቻችን እትዬ ቆጣሪ ነው የምንላት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ፣ በግራ እጇ ጠቅ ጠቅ የሚል መቁጠሪያ ይዛ ሴል ስትቆጥር ኖራለች። አዲስ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ «ቆጣሪው የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሆን ብለን ወደ እሷ እንልከዋለን። እሷም ቀና ሳትል፣ «የምትፈልገው ግድግዳው ላይ ነው፤ እኔን ገና አልሰቀሉኝም» ትለዋለች።

እኔ የዚያው ላብራቶሪ የዕቃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ጓንቱም፣ ብልቃጡም፣ ሳህኑም የሚወጣው ከእኔ እጅ ነው። ኃላፊ ልባል እንጂ ከእኔ በታች ያለው መደርደሪያው ብቻ ነው። ፀጉሬን የምቆረጠው ደግሞ የእትዬ ቆጣሪ ባል ዘንድ ነው። ሱቁ ከግቢያችን በር ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን አንገቴ ላይ ምላጭ ተደግኖ ሰምቼዋለሁ። አንገት ላይ ምላጭ ይዞ ለሚያወራ ሰው ደግሞ «አልመሰለኝም» አይባልም።

እትዬ ቆጣሪ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነጭ ካፖርቷን አጥልቃ የማሞቂያውን ሳጥን ትከፍታለች። ውስጡ የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። በየሳህኑ ሮዝ ፈሳሽ አለ፤ ከፈሳሹ ሥር ሴሎቹ ተለጥፈው ይኖራሉ። አንድ በአንድ እያወጣች ታያቸዋለች፤ ስድባቸውም ያኔ ይጀምራል። «እናንተ ሆዳሞች! ትናንት አይደል የሰጠኋችሁ? ደግሞ ጨረሳችሁት?» የሞቱ ሲበዙባት፣ «እንዲህ አድርጋችሁ ከአለቃ ልታጣሉኝ ነው?» ትላለች። ለሴል እንጂ ለሰው ይህን ያህል አታወራም።

አለቃችን ፕሮፌሰሩ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። ጉሮሮውን ሳይጠርግ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መጀመር አይችልም፤ ስለዚህ እሱ በሌለበት ጉሮሮ ነው የምንለው። ጉሮሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የካንሰር ሴል መራባትን የሚያቆም ቅመም ሲፈልግ ኖሯል። አንደኛውም አልሠራ፣ አሥረኛውም አልሠራ። በዚያ ዓመት ግን ቁጥር ሃያ ሦስት ሠራ። እትዬ ቆጣሪ ሳህኖቹን ስትቆጥር፣ ቅመሙ ያልገባባቸው ሴሎች በአራት ቀን ውስጥ አሥር እጥፍ ሆነዋል፤ ቁጥር ሃያ ሦስት የገባባቸው ግን እዚያው የነበሩበት ቁጥር ላይ ቆመዋል። ሞተውም አይደለም። በሕይወት አሉ፤ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። የመከፋፈል ጂኖቻቸውም ሲለኩ ፀጥ ብለዋል።

ፕሮፌሰሩ ያን ቀን ጉሮሮውን ሳይጠርግ «እልል!» አለ።

ወሬው እኛ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ፀጉር ቤቱ ደረሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት ተራ መጠበቂያው ላይ ተቀምጬ ባልየው አንድ ደንበኛ ላይ ሲነዛው እሰማለሁ። «ባለቤቴ ካንሰርን አቆመችው! እንደ መኪና! ቀጥ!» እትዬ ቆጣሪ የምሳ ሣህኑን ልትወስድ ገባች።

«ምንድን ነው የምትቀባጥረው?»

«እውነቱን ነዋ። እስቲ አንቺው አስረጂያቸው።»

ሣህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። «ሴል ውስጥ የመከፋፈል ጂኖች አሉ። እንደተጻፈ ወረቀት ናቸው፤ የሚያስነብባቸው ካልመጣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የሚያስነብቡ ፕሮቲኖች አሉ፤ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይባላሉ። የእኛው ስሙ ኢ-ቱ-ኤፍ ነው። እሱ ጂኖቹ መጀመሪያ ላይ ሄዶ ሲቀመጥ ይነበባሉ፤ ሴሉ ዲ ኤን ኤውን ይገለብጥና ለሁለት ይከፈላል።»

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይቀመጥም?» አልኩ እኔ።

«ያዥ አለበታ። አር-ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ጨምድዶ ይይዘዋል። ከውጭ ‹እደጉ› የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ሴሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ያዡ ላይ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ይለጥፉበታል። ያኔ ያዡ እጁ ይላላል፤ ኢ-ቱ-ኤፍ ያመልጣል።»

«ገባኝ» አለ ባልየው መቀሱን ወደ ላይ አንስቶ፤ «ያዡ እኔ ነኝ፤ የሚያመልጠው የጠጣ ወንድምሽ ነው።»

«ወንድሜን ተወው። ካንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ወይ ያዡ የለም፣ ወይ እነዚያ ኢንዛይሞች ከመጠን በላይ ይለጥፉበታል። ቁጥር ሃያ ሦስት ለጣፊዎቹን ይከለክላል ነው የሚባለው። ያዡ እንደያዘ ይቀራል።»

ተራ የሚጠብቅ አንድ መላጣ ሰውዬ ጭንቅላቱን ዳሰሰ። «የእኔ ያዥማ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልለቅም ብሎ!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጥግ ከተቀመጡት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በቀር። መንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «መቼ ነው ለሰው የሚደርሰው?»

«ገና ሳህን ላይ ነው ጋሼ» አለች እትዬ ቆጣሪ።

«በቅርቡ!» አለ ባልየው ከላይዋ። «ትሕትና ይዟት ነው እንጂ በቅርቡ ነው!»

እሷ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ባሏን በሰው ፊት ማረም ከጀመረች ማታ ቤት እንደማይገቡ ታውቃለች።

የሚቀጥለው ሐሙስ የጓንት ካርቶን ይዤ ወደ እሷ ክፍል ገባሁ። ማቀዝቀዣው በረዶ ጋግሮባት ዕቃውን ሁሉ አውጥታ እያጸዳች ነበር። እጇን እስከ ብብቷ ድረስ አስገብታ ከኋላ አንዲት ቱቦ ጎትታ አወጣች። ቱቦዋ ሙሉ ናት፤ ውስጧ ወርቃማ ፈሳሽ። ላይዋ ላይ በእትዬ ቆጣሪ የእጅ ጽሑፍ «ለቁጥር 23 ብልቃጥ» ይላል፤ ቀኑም ተጽፏል።

እትዬ ቆጣሪ እኔ ያስቀመጥኩት የጓንት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ተጨፈለቀ፤ አልተነሳችም።

«ምነው? አመመሽ?»

«ሴረም ነው፤ የሴሎቹ ምግብ» አለች።

«እሱንማ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

«ይኼ ውስጥ ነው ያ ‹እደጉ› የሚለው መልእክት ያለው። ሮዙ ፈሳሽ ውስጥ ካልተጨመረ ሴሎቹ መልእክት የላቸውም። መልእክት ከሌለ ማንም ያዡ ላይ አይለጥፍበትም፤ ኢ-ቱ-ኤፍ እንደተያዘ ነው፤ ጂኖቹ አይነበቡም። እነዚህ የእኛዎቹ ደግሞ ካንሰርም ቢሆኑ ሲራቡ መቆም የሚያውቁ ናቸው። ያለ ምንም መድኃኒት!»

ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሙከራው በተጀመረበት ዕለት ጠዋት ሁለት ብልቃጥ አዘጋጅታለች፤ አንዱ ባዶውን፣ አንዱ ቁጥር ሃያ ሦስት የሚገባበት። ለመጀመሪያው ሴረሙን ጨመረች። ለሁለተኛው ልትጨምር ስትል ስልክ ተደወለ። ባልየው ነው፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ትልቁ መስታወት ወድቆ ይንጫጫል። እሱን አረጋግታ ስትመለስ ቅመሙን ጠብ አደረገች፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ነቀነቀች። ሴረም ያለበት ፈሳሽ ሲነቀነቅ አረፋ ይይዛል። ያ ብልቃጥ አረፋ አልነበረውም። አሁን ትዝ አላት። ጠረጴዛ ላይ የቀረችውን ቱቦ ደግሞ አንድ ደግ ሰው አይቶ እንዳትበላሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቷታል። ደግ ሰው ባይኖር ኖሮ በማግሥቱ ታገኛት ነበር።

«ስለዚህ ቁጥር ሃያ ሦስት አይሠራም?» አልኳት።

«አላውቅም! እሱ ነው የሚያናድደው። ይሥራም አይሥራም ምንም አላውቅም።» ቱቦዋን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «አንተ ምንም አላየህም።»

እኔም ምንም አላየሁም። ፈሪ ነኝ፤ አልክድም።

እንዳትፈርዱባት ይህን ልንገራችሁ። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሟ በአንድ የምርምር ጽሑፍ ደራሲዎች መካከል ወጥቶ አያውቅም። የምስጋናው መስመር ላይ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ አንዱ ላይ የአባቷ ስም ተሳስቶ የሌላ ሰው ልጅ ሆናለች። ጉሮሮ በዚህኛው ስድስተኛ አድርጎ እንደሚያስገባት ቃል ገብቶ ነበር። ባሏ ጽሑፉን ሊሰቅልበት መስታወቱ አጠገብ ምስማር መትቶ ጨርሷል።

አምስት ቀን ዝም አለች። በአምስቱ ቀን ውስጥ አንድም ሴል አልሰደበችም። ያ ነበር ያስፈራኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በር ላይ ዕቃ ስረከብ፣ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ከዘበኛው ጋር ቆመዋል። በእጃቸው የሽሮፕ ጠርሙስ ይዘዋል፤ ታጥቦ ያበራል። ዘበኛው እትዬ ቆጣሪን አስጠራት።

«እህቴ፣ አላስቸግርሽም» አሉ። «ትንሽ ብትሆንም ይበቃኛል። ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አፍልቼዋለሁ።»

«ጋሼ፣ አልደረሰም እኮ። ለሰው የሚሰጥ አይደለም።»

«ባልሽ በቅርቡ ነው ብሎኛል። ለባለቤቴ ነው። ጡቷ ላይ ላለው ሐኪሞቹ ያለፈው ሳምንት ሰኞ መድኃኒት በደም ሥር ሊጀምሩላት ነበር፤ እኔ ነኝ ቆዩ ያልኳቸው።»

እትዬ ቆጣሪ ፊቷ አመድ መሰለ። «እርስዎ ቆዩ አሏቸው? ለምን?»

«የእናንተው ይሻላል ብዬ ነዋ! የእነሱ ሰው ያመነምናል ይባላል። የእናንተ ዝም ብሎ ያቆማል አላችሁ።»

ጠርሙሱን ከእጃቸው ተቀበለች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አላወቅኩም፤ እሷም ያወቀች አልመሰለኝም። ከዚያ እኔም፣ ዘበኛውም፣ ዕቃ ያመጣው ሾፌርም እየሰማን እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። እነዚያ ሴሎች የቆሙት በመድኃኒት አይደለም። እኔ ምግባቸውን ረስቼ ነው። ተርበው ነው የቆሙት። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ሐኪሞቹ ጋ ይሂዱና ጀምሩ ይበሏቸው። ዛሬ! ነገ አይደለም!»

ሽማግሌው «ረስተሽ?» አሉ።

«ረስቼ።»

ባርኔጣቸውን አጠለቁና ሄዱ። አልተሳደቡም፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ጠርሙሱ እጇ ላይ ቀረ።

ዘበኛውን የሚያውቅ ሁሉ እዚህ ላይ ሌላ ምርጫ እንዳልነበራት ይረዳል። እሱ የሰማውን ነገር ለመሸፈን ዘበኛውን ራሱን መቅበር ያስፈልጋል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች፤ እኔንም ካፖርቴን ይዛ ጎተተችኝ። ምስክር መሆኔ ነው መሰለኝ።

ጉሮሮ ለአንድ የሳይንስ ጉባኤ የሚያቀርበውን ሥዕል ቀለም እየቀባ ነበር። ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ጉሮሮውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ሦስተኛም ጠረገ፤ ዓረፍተ ነገር ግን አልወጣም።

በመጨረሻ፣ «ይህን ማን ያውቃል?» አለ።

«እኔ፣ እሱ፣ ልብስ ሰፊው፣ አንድ ሾፌር፣ ዘበኛው።»

«ዘበኛው!»

«ስለዚህ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሰው።»

ጉሮሮ ቱቦዋን አገላብጦ አያት። «ምናልባት ትርፍ ቱቦ ትሆናለች። ደግሞስ ሙከራውን ሦስት ጊዜ ደግመነዋል እኮ!»

«ከአንድ ብልቃጥ ሦስት ሳህን ሞላን፣ ፕሮፌሰር። መድገም ይኼ ከሆነ እኔም የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ አንዷን ሦስት ጊዜ እየጠራሁ።»

እኔ በአፍንጫዬ ሳቅኩ። ጉሮሮ አየኝ፤ በእጄ የቀረውን የዕቃ ደረሰኝ የማነብ መሰልኩ።

«ጉባኤው ስምንት ቀን ነው የቀረው» አለ። ድምፁ አሳዘነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

«ሴል በአንድ ቀን ለሁለት ይከፈላል። ስምንት ቀን ለእነሱ ዕድሜ ልክ ነው። ዛሬ እንጀምር። በዚህኛው ግን እኔ ብቻዬን አልቆጥርም፤ እርስዎም ይቆጥራሉ።»

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። አራት ዓይነት ሳህን አዘጋጀች፦ የበላና ቅመም የሌለው፣ የበላና ቅመም ያለው፣ የተራበና ቅመም የሌለው፣ የተራበና ቅመም ያለው። ብልቃጡን ሁሉ እኔ ፊት እየነቀነቀች አረፋውን አሳየችኝ፤ አሁን በሴረም ጉዳይ ሊቅ ነኝ። ከዚያ የየሳህኑን ስም ልጣ እኔ ፊደል እንድጽፍበት አደረገች። የትኛው ፊደል የትኛው እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉሮሮ በነጋ በጠባ ዕቃ ክፍል ብቅ እያለ፣ «መ የትኛው ነበር?» ይለኝ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆጠሩ። ጉሮሮ በገዛ ዓይኑ ሴል ከቆጠረ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። መቁጠሪያው መስታወት ላይ ካሬ ተሰምሯል። ከላይና ከግራ ያለው መስመር ላይ ያረፈ ሴል ይቆጠራል፤ ከታችና ከቀኝ ያለው አይቆጠርም። ይህን ረስቷል። የእሷ ቁጥር ሰማንያ አንድ ሲል የእሱ መቶ አራት ይላል።

«ጠርዙ ላይ ያለውን ሁሉ ለምን ትሰበስባለህ! አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስቆጠርከኝ እንዲህ ልትቆጥር ነው?» ብላ ጮኸች። «እርስዎ»ው ጠፋ።

ጉሮሮ ግን መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መለሰና፣ «እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ፊደሎቹን ስገልጥ ውጤቱ ይህ ነበር። የተራቡት ቅመም ኖራቸውም አልኖራቸውም ቆመዋል። የበሉት ተባዝተዋል፤ ቁጥር ሃያ ሦስት ያላቸውም ተባዝተዋል። የእነዚህ ቁጥር ግን ቅመም ከሌላቸው በአንድ አምስተኛ ያህል አነሰ። በሁለተኛው ዙርም፣ ከአዲስ ብልቃጥ፣ ያው ሆነ። የመከፋፈል ጂኖቹም ሲለኩ ትንሽ ደብዘዝ ብለው እንጂ ፀጥ አላሉም። ቅመሙ ውሸታም አይደለም፤ ሰነፍ ነው።

ጉሮሮ ጉባኤው ላይ ይህንኑ አቀረበ። የመጀመሪያውን ስህተትም ተናገረ፤ ማን ረሳ ሳይል «ረሳን» አለ። አዳራሹ እየተመናመነ ሄደ፣ ሲጨርስ የቀሩት አሥር ሰዎች አይሞሉም አለን። አንዷ አድማጭ ግን እስከ መንገድ ተከትላው ወጥታ፣ እሷም በወጣትነቷ እንዲሁ አድርጋ ለማንም እንዳልተናገረች ነገረችው። ጽሑፉ ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ትንሽ መጽሔት ወጣ። እትዬ ቆጣሪን ሦስተኛ አድርጎ ሊያስገባት ሲል፣ እሷ ስድስተኛ ይበቃኛል አለች፤ ተከራክረው አራተኛ ሆነች።

ከሁሉ የከፋው ግን ፀጉር ቤቱ ነበር። በዚያው ማክሰኞ ሥራ እንደወጣች ባሏ ፊት ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችለት። ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ጢሜ ተላጭቷል።

«የረሳሽው አንቺ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«‹በቅርቡ› ያለው ማን ነው? ሴትየዋ በአንተ ‹በቅርቡ› ሕክምናዋን አስተጓጉላለች!»

ባልየው ምላጩን አስቀመጠ። ግማሽ ጢሜን እንደተሸከምኩ ትቶኝ ወጣና መንገዱን ተሻግሮ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሌላኛውን ጉንጬን ቃል ሳይናገር ላጨው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆርጠኝ ጨረሰ።

ሴትየዋ ሕክምናዋን የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ዘግይታ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ዘጠኝ ቀን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ብለዋል። እትዬ ቆጣሪ ግን ይህን አራት ጊዜ ደጋግማ አስነግራቸዋለች፤ በአራቱም አላመነችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ፀጉር ቤት ገቡ። መቆረጥ አልፈለጉም። የባለቤታቸው ፀጉር ትራስ ላይ እየቀረ ስለሆነ፣ ሙሉውን የሚላጭላት ሰው ፈልገው ነው። ባልየው ወዲያው ቦርሳውን አነሳ፤ እትዬ ቆጣሪም አብራ ሄደች። የሆነውን በኋላ እሱ ነው የነገረኝ፤ አንገቴን ይዞ።

ሴትየዋ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ላይ ባሏ ከሱቃቸው ያመጡላት ጨርቅ። ባልየው በጥንቃቄ መላጨት ጀመረ። ሴትየዋ እትዬ ቆጣሪን አየቻትና፣ «ሴሎቹን ያስራብሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ፀጉሬ ለምን ይረግፋል? ጡቴ ላይ ያለው ነው አይደል ጥፋተኛው?»

እትዬ ቆጣሪ ነገረቻት። መድኃኒቱ የሚይዘው የሚከፋፈል ሴልን ነው። ጥሩውንና ክፉውን አይለይም። የፀጉር ሥር ሴሎች ደግሞ በሰውነት ውስጥ በጣም በፍጥነት ከሚከፋፈሉት ናቸው፤ ኢ-ቱ-ኤፋቸው ሥራ አይፈታም። ስለዚህ አብረው ይመታሉ። ሥሮቹ ግን አይጠፉም፤ ሕክምናው ሲያልቅ እንደገና ይጀምራሉ።

«ሰነፍ ሴት ብሆን ኖሮ ፀጉሬም ሰነፍ ይሆንልኝ ነበር ማለት ነው» አለች ሴትየዋ። ከዚያ ወደ ባሏ እያመለከተች፣ «የእሱን እስቲ ተመልከቱልኝ፤ አርባ ዓመት ምንም ሳይሠራ ይኸው አንድም አልረገፈ!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አጎነበሱ። ባልየው መቀሱን ሊያነሳ ሲል ሴትየዋ፣ «ተወው፣ ተወው፤ ቤት ውስጥ አንድ ፀጉራም ሰው ይኑር» ብላ ከለከለችው።

ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ይህን ስጽፍም አለች። እትዬ ቆጣሪ በቀኗ ጡረታ ወጣች። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ልብስ ስፌት ቤቱ ትሄዳለች፤ ሁለቱ ሴቶች ቁልፍ እየተከሉ ባሎቻቸውን ያማሉ።